ስለ ጠፉ የእጅ ሬዲዮዎች የወጣ የፌዝ አዋጅ

የተሰረቀ ሬዲዮ መገናኛን ከርቀት መዝጋት የአንዲት ትእዛዝ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ ይህን ያህል መቅለሉ የመሥሪያ ቤታችንን ክብር የሚነካ ሆኖ በመገኘቱ፤

ሌሊት ሬዲዮ የተሰረቀበት ጥበቃ ጠዋት መፍትሔ ማግኘቱ ለሌሎች ሠራተኞች መጥፎ ልማድ በመሆኑ፤

ሌባም ቢሆን የድርጅቱን ወሬ ከመስማት በድንገት ሊቋረጥ የማይገባው በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «የነገ ተመለስ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ
«ሬዲዮ» ማለት ሬዲዮ ነው። «ኃላፊ» ማለት ስብሰባ ላይ ያለ ሰው ነው።

አንቀጽ 3፦ የተፈጻሚነት ወሰን
በዘበኞች ላይ ብቻ።

አንቀጽ 4፦ የጠፋ ሬዲዮ ስለሚዘጋበት ሁኔታ
1. ሬዲዮ ጠፋብኝ የሚል ሠራተኛ የጠፋውን ሬዲዮ ይዞ በአካል ይቀርባል። የዕቃው ቁጥር ከባትሪው ሥር ስለተለጠፈ፣ ከዚያው ላይ ካልተነበበ ማመልከቻው ወደ መዝገብ ቤት አይገባም።
2. የንዑስ አንቀጽ 1 ድንጋጌ ቢኖርም፣ ሬዲዮው በእጁ የሌለ አመልካች የሌባውን የጽሑፍ ስምምነት ማቅረብ ይችላል። ሆኖም፦
ሀ) መምጣት ያልተመቸው ሌባ ሕጋዊ ውክልና ሰጥቶ ወኪሉን ይልካል፤
ለ) ሌባው ያልታወቀ እንደሆነ፣ አለመታወቁን ራሱ ሌባው ፈርሞ ያረጋግጣል፤
ሐ) ቁጥሩ ሬዲዮው ወጪ በሆነበት ሞዴል 22 ላይ ቢገኝም፣ የጻፈው የንብረት ክፍል ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ ላይ ከሆነ ቁጥሩም አብሮት ፈቃድ እንደወጣ ይቆጠራል፤
መ) የጠፋው ሬዲዮ በቻናሉ ላይ «ዋናው በር፣ ሰላም ነው?» እያለ የሚጣራ ከሆነ እንደጠፋ አይቆጠርም። ሥራ ላይ ነው።
3. በፊደል መ መሠረት ሥራ ላይ ያለ ሬዲዮ ፈረቃ የሚቀየርበትን ሰዓት፣ የኋላውን በር ማን እንደሚጠብቅ፣ መጋዘኑ ጋ ሰው መቼ እንደማይኖር…

እስቲ ቆይ! ሌባው የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭኖ በሳቀብን ቁጥር እኮ የሬዲዮው መለያ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ስክሪን ላይ ይበራ ነበር። ለመዝጋት የሚያስፈልገው ያ በፕሮግራም የተሞላው መለያ ነው፤ እኔን አምጣ ያላችሁኝ ከባትሪ ሥር ያለው አይደለም። ፈረቃ የምመራው እኔ ነኝ፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ዓይናችሁ ሥር የበራውን ቁጥር ከሌባ ኪስ አውጥተህ አምጣ ይባላል?

4. ንዑስ አንቀጽ 3 ከቃለ ጉባኤ ይሰረዝ።
5. የመዝጊያው ትእዛዝ የሚደርሰው ሬዲዮው በርቶ፣ ሞገዱ በሚደርስበት ክልል ውስጥና በእኛው ቻናል ላይ እስካለ ብቻ በመሆኑ፣ ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ የሚሰበሰበው ባትሪው ካለቀ በኋላ ይሆናል። ሌባው ሬዲዮውን ወደ ሌላ ሞገድ እስኪያስቀይር ተጨማሪ ጊዜ ከፈለገ ኮሚቴው ለቀጣይ ሳምንት ይቀጠራል።
6. «በስህተት ቢዘጋስ?» የሚል ሥጋት ያለበት ኃላፊ ሥጋቱን እንደያዘ ይቆያል። ሬዲዮው ከተገኘ በዚያው መንገድ መልሶ እንደሚከፈት ለእሱ መንገር ክልክል ነው። ይህን ካወቀ ለመዝጋት የሚጠየቁት ሦስት ፊርማዎች ምኑን እንደሚጠብቁ ሊጠይቅ ይችላልና።

አንቀጽ 5፦ ስለ ዕዳ
የሬዲዮው ዋጋ ሲጠብቅ ባደረው ዘበኛ ደመወዝ ላይ ይቆረጣል። ይህ ድንጋጌ ስብሰባ፣ ፊርማና ማህተም ሳያስፈልገው በዚያው ወር ይፈጸማል። ይህችኛዋ ፌዝ አይደለችም። ተቆርጦበታል። ልጆች ያሉት ሰው ነው።

አንቀጽ 6፦ ነጻ ስለሚሆኑ ዕቃዎች
ከርቀት የመዘጋት አቅም የሌላቸው ርካሽ ሬዲዮዎች በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። ባለቤቶቻቸው ቢያንስ ደጅ አይጠኑም።

አንቀጽ 7፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ኃላፊው ከስብሰባ ሲወጡ የጸና ይሆናል።

መቆጣጠሪያ ክፍል የተቀመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች ግን እስከዚያ አትጠብቁ። የተሰረቀው ሬዲዮ መለያ ስክሪኑ ላይ ሲበራ ዝጉት፤ ደብዳቤውን በኋላ እናመጣላችኋለን።