የጥፊ ጥገና፦ ስለሚያንኮራፋው ኮምፒውተር

በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ሥር ቁጭ ብሎ ቀኑን ሙሉ የሚያንኮራፋው ሳጥን የሚገባውን ያህል አልተጠናም። ሕዝቡ «ሲፒዩ» ይለዋል። ሲፒዩ በእርግጥ በሳጥኑ ውስጥ ያለች፣ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ቁራጭ ስም ነው፤ ነገር ግን ስም የሚያወጣው ጠሪው ስለሆነ ይህ ጥናትም ከሕዝቡ ጋር አይጣላም። ሳጥኑ ማንኮራፋት ሲጀምር የሚደረግለት ሕክምናም ወጥ ነው፦ በመጀመሪያ በመዳፍ መታ መታ፣ ካልሰማ ጠንከር ያለ ጥፊ፣ አሁንም ካጓራ በጫማ ጫፍ ከጎኑ። የተማሩ ሰዎች ይህን ሲያዩ ከድንቁርና ይቆጥሩታል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ሌላ ነው፤ ጥፊው ከመሥሪያ ቤቱ አሠራር ጋር ሙሉ በሙሉ የሚጣጣም ብቸኛው የጥገና ዘዴ ነው።

ማስረጃውን ከዕቃው እንጀምር። ጩኸቱ ከፓወር ሰፕላዩ መምጣቱን ለማረጋገጥ አንድ ወረቀት ጠቅልሎ አንዱን ጫፍ ጆሮ ላይ፣ ሌላውን ከሳጥኑ ጀርባ ካለው ወንፊት መሰል ቀዳዳ ላይ መደገን ይበቃል። ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳው የመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት ይመነዝራል። ምንዛሪው ያለ ኪሳራ አይሆንም፤ ኪሳራው ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ ሙቀቱን ጠርጎ የሚያስወጣው ደግሞ ፋኑ ነው። በርካሽ ፋን ውስጥ ዘንጉ የሚሽከረከረው በኩሽኔታ ሳይሆን በቡኮላ ነው። በቡኮላው ውስጥ የነበረችው ጥቂት ዘይት ከዓመታት በኋላ ትደርቃለች፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ዘንጉ መወላገድ ይጀምራል፤ በክንፎቹ ላይ የተጋገረው አቧራም ሚዛኑን ያስተዋል። እዚህ ላይ ጥፊ ሲያርፍ ዘንጉ ከለመደው ቦታ ፀጉር ታክል ፈቀቅ ይላል፣ ወይም አንድ ቁራሽ አቧራ ይረግፋል፤ ጩኸቱም ይቆማል። ስለዚህ ጥፊ ይሠራል። ሐቀኛ ተመራማሪ ግን አንድ ነገር መሸሸግ የለበትም። ያረጀ ፋን ጠዋት ጠዋት፣ ቅባቱ በብርድ ረግቶ ሳለ፣ ይብስበታል፤ ሲሞቅ በራሱ ጊዜ ይረጋጋል። በ2፡30 የተሰነዘረ ጥፊ በ2፡45 ለሚመጣው ጸጥታ ምስጋናውን ይወስዳል። ይህ በአስተዳደር ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከቴክኒሻኑ ይመጣል። ፋን እኮ አራት ብሎንና ሁለት ሽቦ ነው፣ ካቻቪቴ አምጡና ልቀይረው ይላል። እውነቱን ነው። እንዲያውም ከዚህ የሚሻል ሐሳብ አለው፦ 80 ሚሊሜትር ፋን ባለው ፓወር ሰፕላይ ምትክ ባለ 120 ሚሊሜትሩ ቢገዛ፣ ትልቁ ክንፍ ያንኑ አየር ቀስ ብሎ እየዞረ ስለሚገፋ ጩኸቱ ይቀንሳል፤ የአንድ ፋን ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ15 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራልና። መሥሪያ ቤቱ ይህን ሁሉ አይክድም። ችግሩ በንብረት መዝገቡ ላይ የሰፈረው «ኮምፒውተር፣ ብዛት 1» የሚል መስመር ብቻ መሆኑ ነው። ፋን የሚባል ንብረት ገቢ ሆኖ አያውቅም፤ ገቢ ያልሆነ ነገር ደግሞ አይበላሽም፣ አይተካምም። ኮምፒውተሩ ራሱ ተበላሽቷል ብሎ ቅጽ መሙላት ይቻል ይሆናል፤ ኮሚቴው መጥቶ ቁልፉን ሲጫነው ግን እያጓራም ቢሆን ይነሣል፣ «የሚሠራ» ተብሎም ይፈረምበታል። ፊርማ፣ ማኅተምና ሦስት ፕሮፎርማ የማይጠይቅ እርምጃ ቢኖር ጥፊ ነው።

አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት፣ ፋኑን ምን ያስሮጠዋል የሚሉም አሉ። ብርዱስ አለ። ነገር ግን ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙም ይሳሳል፣ ፋኑም ለዚያው ሙቀት ብዙ አየር መዛቅ አለበት። ሊፍት በተበላሸበት ቀን አምስተኛ ፎቅ የወጣ ሰው ይህን ያለ ማስረጃ ይቀበላል።

ሌላው ወገን ዘይት ጠብ አድርጉበት ባይ ነው። በፋኑ መሐል ከተለጠፈው ክብ ወረቀት ሥር አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ማድረግ ለጊዜው ይረዳል። ለዚህ ግን ፓወር ሰፕላዩ መከፈት አለበት፤ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ደግሞ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚጥል ቻርጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ሳይከፍቱ ከውጭ መላ የሚፈልጉም አልጠፉም። በአሮጌዎቹ ጀርባ ላይ 230 እና 115 የሚል የተጻፈባት ቀይ ማብሪያ አለች። ቁጥሩን ዝቅ ባደርገው ፋኑም ዝግ ይል ይሆናል ብሎ በ220 መስመር ላይ ወደ 115 የገፋት ሰው ጩኸቱን ለዘለቄታው ያስቆመዋል፤ በአንድ ጧ።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የሃርድ ዲስኩ ነው። በዚያው ሳጥን ውስጥ፣ በደቂቃ 7,200 ጊዜ በሚዞር ሳህን ላይ፣ ከፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ በሚያንስ ክፍተት አንዲት ማንበቢያ ተንሳፍፋ ትኖራለች። ጥፊው ፋኑ ዘንድ ሲደርስ እሷንም ሳህኑ ላይ ሊያላትማት ይችላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ ጥፋተኛው ፋን፣ ተመቺው ሳጥን፣ ሟቹ የአሥራ ሁለት ሠራተኞች ፔይሮል ይሆናል። ተቃዋሚዎች በዚህ የረቱ ይመስላቸዋል። የማያስተውሉት፣ የሞተ ዲስክ ኮሚቴው አሳምሮ የሚያውቀው ብልሽት መሆኑን ነው። ኮምፒውተሩ ያን ቀን በወረቀት ፊት ይበላሻል፣ ይወገዳል፣ ለሌላ በጀት ይያዝለታል። ጥፊ በረጅም ጊዜ ሲታይ የግዢ መጠየቂያ ነው፤ ልዩነቱ በሁለት ቅጂ አለመሞላቱ ብቻ ነው።

ዲስኩ ጠንካራ ሆኖ ከተረፈ ደግሞ አንድ ቀን ፋኑ ጨርሶ ይቆማል። ቢሮው ጸጥ ይላል። መብራት የሄደ መስሏቸው ቀና የሚሉ ይኖራሉ፤ ስክሪኑ በርቶ ሲያዩ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። መጨረሻ የመታው ሰው ይመሰገናል፣ እጁ መድኃኒት ነው ይባላል። ወደ 9 ሰዓት ገደማ አንድ ነገር ማረር ይሸታል። በመጀመሪያ የምትጠየቀው ኮሪደሩ ላይ ቡና የምትቆላው ልጅ ናት።