ዝንባሌ የሚባለውን በሽታ በጊዜ ስለመከላከል

ውድ ወላጅ፣ ልጅዎ ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሠርቶ ሲነዳ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ ገና ጅማሬው ነው። መኪናዋን ይውረሱና «ስንተኛ ወጣህ?» ብለው ይጠይቁት። አራተኛ ካለዎት የሦስቱን ልጆች ስም ይያዙ፤ እራት በቀረበ ቁጥር ያንሱበት። የሰፈር ልጆች ሲጣሉ የምታስታርቅ ልጅ ካለችዎ ነገሩ ይከብዳል። ማስታረቅ ካርድ ላይ ቦታ ስለሌለው ቶሎ አስጠኚ ይቅጠሩላት።

ቸል ሲባል የሚመጣውን እናውቃለን። ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 የማዕድን ምህንድስና ሊማሩ ወደ እንግሊዝ ተላኩ። እዚያ መምህራኖቻቸው ሥዕል መውደዳቸውን አይተው እንደመቆጣት አበረታቷቸው! ለንደን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብተው ቀሩ። አገር አንድ የማዕድን መሐንዲስ አጣች፤ የተረፋት አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር ግድግዳ የሞላ ባለቀለም መስታወት ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እሱን ታሳያለች፤ ምን ታድርግ። ሙላቱ አስታጥቄም ምህንድስና ተብሎ ዌልስ ተልኮ ነበር፤ በኋላ ቦስተን፣ በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተገኘ። ኢትዮ ጃዝ የዚያ መዘዝ ነው። የኃይሌ ገብረሥላሴ ጥፋት ግን የሰርቪስ ነው። አሰላ አካባቢ ደብተሩን አቅፎ እየሮጠ ትምህርት ቤት ስለተመላለሰ፣ ዓለምን ሲያሸንፍም ያ ክንዱ እንደታጠፈ ነበር። ልጅዎን በመኪና ያመላልሱ።

«ሁሉም ልጅ በፈተና አይለካም» የሚሉ ሰዎች ይመጡብዎታል። አይስሟቸው፤ ፈተናው ሚዛኑን አሳይቷል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። የቀሩት ምን እንደሚችሉ የጠየቃቸው የለም፤ ጥያቄ ወረቀቱ ላይም አልነበረም። የእርስዎ ልጅ መቼም ከ3.3ቱ አንዱ ነው፤ ይህን የማያምን ወላጅ አላጋጠመኝም።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። የኤሌክትሪክ ምጣድዎ እንጀራው መሐል ላይ ሲበላሽ ልጁ ጠመንጃ መፍቻ ይዞ «እኔ ልየው» ይላል። በፍጹም! ነገ የፊዚክስ ፈተና አለበት፤ ምዕራፉም ስለ ኤሌክትሪክ ነው። ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘግቶ ያጥና፤ እርስዎ ጠጋኝ ይጥሩ።