ስለ ማስታወሻ አያያዝ የተደረገ አነስተኛ ጥናት፤ ከነፋስ መውጫ እስከ ወገዳ

ይህ ጥናት መመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው ከምንጮቹ ማስታወሻ የሚይዝበትን ሥርዓት ይመረምራል። ክልሉ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ነው። ናሙናው አንድ ሰው ሲሆን የተመረጠውም በቅርብ በመገኘቱ ነው፤ እኔ ነኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት ደብተሩ ያምራል፤ ደራሲ፣ ዓመተ ምሕረት፣ ገጽ ሁሉም አለ። በሁለተኛው «ኋላ እሞላዋለሁ» ተብሎ ገጹ ይቀራል። በሦስተኛው ደራሲው ይከተለዋል። በአራተኛው የሚገኘው ሁለት ጊዜ የተሰመረበት «በጣም አስፈላጊ!!» ብቻ ነው፤ ምኑ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተደረሰበትም። ስልክ ከመጣ ወዲህ ደግሞ መጽሐፉ ፎቶ ይነሣል፤ አውራ ጣት የገጹን ቁጥር ትሸፍናለች።

ችግሩን በአገሩ አየር እንዳናመካኝ ቤተልሔም አለች። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም ያለችው እዚሁ ጋይንት ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያበጁት የዜማ ምልክት፣ ይዘቱ፣ ደረቱ፣ ጭረቱ፣ ርክርኩ፣ ከፊደሉ አናት ላይ ይቀመጣል። ከዚያም አልፎ ከሌላ ቦታ የታወቀ ዜማ ሲመጣ ከቃሉ አንድ ሁለት ፊደል ተቆንጥራ ትጻፋለች፤ ያቺን ያየ ተማሪ ምንጩን አስታውሶ ያዜማል። እኛ «ዝ.ከ.» የምንለው መሆኑ ነው። ልዩነቱ የድጓ ተማሪ ወዴት እንደተመራ ማወቁ ነው።

የመስክ ሥራው የተካሄደው ወገዳ አቅራቢያ ነው። ስለ ክፉ ቀን ረሃብ ልጠይቅ መቅጃዬን አወጣሁ። ሽማግሌው ቀደሙኝ።

«የማን ልጅ ነህ?»

ነገርኳቸው።

«የእናትህ አባትስ?»

ነገርኳቸው። እስከ ሰባት ቤት ወሰዱኝ። የሥነ ዘዴ መጻሕፍት ይህን «መግባባት መፍጠር» ይሉታል፤ ማን ማንን እየጠየቀ እንደነበር ግን አከራካሪ ነው። በመጨረሻ ወደ ጉዳዬ ሲመለሱ «እኔ አላየሁም፤ አባቴ ነው የነገረኝ፤ እሱም ከአያቴ ሰምቶ ነው፤ አያቴ ግን በዓይኑ አይቷል» ብለው ጀመሩ። እስከ ዓይን ምስክር የሚያደርስ ዋቢ ነው። እኔ «ከአንድ አዛውንት እንደተረዳሁት» ብዬ ጻፍኩ።

የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር ላይ ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ ይሞላል። በእኔ ደብተር ዕድሜ በሚለው ሥር «ትልቅ» ተብሏል፤ ስሙን ክረምቱ አጥቦታል። መቅጃው ባትሪ እንዳልነበረው የታወቀው ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው።

ስማቸውን ልጠይቅ በሁለተኛው ዓመት ተመልሼ ሄድኩ። ከደጅ ሳልዘልቅ በአባቴ ስም ጠሩኝ፤ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን አከታተሉ፤ የእናቴ ወገን ከእስቴ መሆኑንም ለሚስታቸው አስረዱ። ደብተር አልያዙም።

«ፎቶውን አመጣህ?» አሉኝ።

ደብተሬን ገለጥኩ። ስለ ፎቶ የተጻፈ ነገር የለም።