የበሩ ነገር

ተረት ተረት። የላም በረት።

አንዲት ዋንዛ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ነበር። ማሩ የታወቀ፣ ንቦቹ ጨዋ። ጨዋነታቸው ግን ልክ አልነበረውም፤ ስለ ቀፎው በር ማውራት ነውር ነው። ስለ አበባው፣ ስለ ሰሙ፣ ስለ ጎረቤት ቀፎ ስንፍና ሲያወሩ ይውላሉ፤ «በሩ» ያለች ግን «ኧረ እፈሪ ልጄ!» ትባላለች። የቀፎው ሕይወት ሁሉ የሚገባውና የሚወጣው በዚያ በር መሆኑን ያነሳ የለም።

አንድ ቀን ከአበባ ጋር ደቃቅ አቧራ ገባ። ይህ አቧራ የማይገባበት ቀፎ የለም ማለት ይቻላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ዘበኞቹ ጠርገው ያወጡታል። እዚህ ግን ጥቂቱ ደፉ ሥር ተሸሽጎ ቀረ። ውሎ አድሮ እዚያ የሚፈለፈሉት ንቦች ጠባይ ተለወጠ። አበባ አይቀስሙም፣ ሰም አይሠሩም፤ ሥራቸው መብላትና መራባት ሆነ። አሥራ አምስት ክረምት እንዲህ አለፈ። ደፉ አጠገብ የምታድር አንዲት ንብ መጥፎ ሽታ ሸቷት ነበር። ለማን ትናገር? የበር ነገር ነዋ።

ወሬው የተሰማው ሥራ ፈቶቹ የማር እንጀራው ውስጥ ከዘለቁ በኋላ ነው። «ዘበኞቹ ተኝተው ነው ወይስ ጉቦ በልተው?» ተባለ። እመት አሮጊት የሚሏት ንብ ቀርባ አየች። ዘበኛው መንደፊያውን ስሎ ይመጣል። ሥራ ፈቱ አይሸሽም፣ አይጣላም፤ እጁን ዘርግቶ የዘበኛውን ግራ እጅ ጭብጥ ያደርግና «እንዴት ዋሉ፣ ወንድም ጋሼ?» ይላል። ዘበኛው መንደፊያውን ይሰበስባል። የቀፎው ሕግ ነው፤ ግራ እጅህን የጨበጠህን አትነድፍም። ዘበኛ በቁጣው የእናቱን ልጅ እንዳይገድል የወጣ ደግ ሕግ ነበር። ሥራ ፈቶቹም እዚያው የተወለዱ ናቸውና ያውቁታል።

የቀፎው ባለቤት ጭስ አመጣ። ጭሱ ሥራ ፈቶቹን ፈጀ፤ አብሮም እጮቹን አዳከመ፣ የሠራተኞቹን ክንፍ አራገፈ። ጥቂት ወራት ቆይተው ሥራ ፈቶቹ ተመለሱ።

«ዘበኛ ጨምሩ እያላችሁ አትድከሙ» አለች እመት አሮጊት። «ግራ እጃቸውን በሰም ሸፍኑላቸው።»

ሸፈኑላቸው። ሥራ ፈቱ እንደ ልማዱ እጁን ዘረጋ፤ አዳለጠው። «ወንድም ጋሼ...» አለ ደግሞ። ዘበኛው ትክ ብሎ ፊቱን አየው።

እዚህ ላይ ላቋርጥ፤ ነገሩ ከተረት እያለፈ ነው። በሽታውን ሐኪሞቻችን ራሳቸው የማህጸን በር ካንሰር ይሉታል፤ አቧራው ኤችፒቪ የተባለው ቫይረስ ነው። ዘበኞቹ የሰውነታችን መከላከያ ሴሎች ናቸው፤ ጭሱም ኬሞቴራፒ። ግራ እጁ ፒዲ-1 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ኪዮቶ ውስጥ የእነ ታሱኩ ሆንጆ ቤተ ሙከራ ያገኘው ነው። ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 ከአሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ጋር ኖቤል ተሸልመዋል። ሰሙ ፔምብሮሊዙማብ የተባለው መድኃኒት ነው። በሽታው በተመለሰባቸው ወይም በተሰራጨባቸው 617 ሴቶች ላይ ተሞክሮ፣ ሁሉም ጭሱን እየወሰዱ ግማሾቹ ሰሙ ተጨመረላቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሰሙ ከተጨመረላቸው ከመቶ 50 ያህሉ፣ ካልተጨመረላቸው ከመቶ 40 ያህሉ በሕይወት ነበሩ። አሥር ሴት ከመቶ ትንሽ ነው የሚል ካለ አሥሩን ቤት ሄዶ ይቁጠር።

ወደ ቀፏችን እንመለስ። ሁሉ ነገር ሰርግ አልሆነም። እጃቸው በሰም ከተሸፈነ ዘበኞች አንዳንዶቹ ማር የሚያበስሉትን፣ ክንፋቸውን እያርገበገቡ አየር የሚያስገቡትን የገዛ እኅቶቻቸውን ነደፉ። ሰው ላይም እንዲሁ አንጀት፣ ሳንባና ታይሮይድ የሚቆጣበት ጊዜ አለ፤ ሐኪም ከአጠገብ የማይጠፋው ለዚህ ነው። እጅ የማይጨብጡ ሥራ ፈቶችም ነበሩ፤ እነሱን ሰሙ ብዙም አልነካቸው። ዋጋው ደግሞ የስንት በጋ ማር! ማዶ ግራሩ ላይ ያለው ቀፎ ስለ ሰሙ ሰማ እንጂ አላየውም፤ ጭሱንም የሚያገኘው ተራ ጠብቆ ነው።

እመት አሮጊት ግን ሌላ ነገር አሰበች። አቧራውን የሚመስል ባዶ ቅርፊት ሠርታ ለወጣት ዘበኞች አስቀድማ አሳየቻቸው፤ እውነተኛው ሲመጣ ደፉን ሳይረግጥ ለዩት። (የእኛም ሀገር ይህን ክትባት እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀመረች።) ከዚያ ቀፎው በተሰበሰበበት ቆማ «በሩ!» አለች። ከኋላ አንዷ «ነውር ነው» ብላ አጉረመረመች። እመት አሮጊት ጆሮዋ የከበደ መስላ ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በዳቦ ማበሱ ይቅርባችሁ። ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆናት እናት፣ እኅት ወይም ሚስት ካለቻችሁ ጤና ጣቢያ ይዛችኋት ሂዱ። ኮምጣጤ ነገር ቀብተው ነው የሚያዩት፤ ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።