ሰከንድ ለማትረፍ የሚወጣ ሰዓት

ሩቢክስ ኪዩብን ፈጥኖ ለመፍታት የሚደረገውን ልምምድ አንዳንዱ የጣት ቅልጥፍና፣ አንዳንዱ ደግሞ የአእምሮ ምጥቀት ይለዋል። ይህ አጭር ጥናት ጉዳዩን ወደሚገባው ቦታ፣ ወደ ሒሳብ ሹሙ ጠረጴዛ ይመልሰዋል። ዕቃው ጊዜ ማሳለፊያ ተብሎ መሸጡ አያከራክርም። ሃንጋሪያዊው የሥነ ሕንጻ መምህር ኤርኖ ሩቢክ እ.ኤ.አ. በ1974 ቡዳፔስት ላይ ከሠራው በኋላ የገዛ ፈጠራውን ለመፍታት አንድ ወር ያህል ፈጅቶበታል፤ ከአንዲት አሻንጉሊት የወር ጨዋታ አገኘ ማለት ነው። በ1982 እዚያው ቡዳፔስት በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ሚን ታይ በ22.95 ሰከንድ ሲያሸንፍ ጨዋታው ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። በ2023 ማክስ ፓርክ ካሊፎርኒያ ውስጥ በ3.13 ሰከንድ ጨረሰው። በዓመቱ ደግሞ የሚትሱቢሺ ኤሌክትሪክ ሮቦት ነገሩን በ0.305 ሰከንድ ገላገለው። ጊዜ ማሳለፊያ ገዝቶ ጊዜ እንዳያሳልፍ መሠልጠን ከዚህ በላይ የሚሄድበት ቦታ የለውም።

«የተቆጠበው ጊዜ ትርፍ ነው» የሚሉ አሉ። እናስላው። በ60 ሰከንድ የሚፈታ ሰው በቀን አንድ ሰዓት ለአንድ ዓመት ተለማምዶ ወደ 15 ሰከንድ ወረደ እንበል። በየዙሩ 45 ሰከንድ ያተርፋል። ያወጣው ግን 365 ሰዓት፣ ማለትም 1,314,000 ሰከንድ ነው። ይህን ወጪ ለመመለስ ኪዩቡን 29,200 ጊዜ መፍታት ይኖርበታል፤ ይህም ከ121 ሰዓት በላይ ይፈጃል። እዚህ ላይ ሒሳቡ መልኩን ይቀይራል፤ 29,200 ጊዜ የፈታ ሰው ሲለማመድ ከረመ እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ስለዚህ 121ዱም ሰዓት ዞሮ ዕዳው ላይ ይደመራል። ባለማግኔቱን ኪዩብ ለመግዛትና እንዳይነክስ ጠብ ለሚደረግበት የሲሊኮን ዘይት የወጣውን ብር ገና አላነሣንም።

«አእምሮ ይስላል» የሚለው ክርክር ጠንከር ስለሚል ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በስፋት የሚሠራበት ስልት መጀመሪያ መስቀሉን ያወጣል፣ ቀጥሎ ሁለቱን የታች ረድፎች ይሞላል፤ ለመጨረሻው ረድፍ ግን ፊቱን ለማቅናት 57፣ ቁርጥራጮቹን ቦታቸው ለማስገባት 21 ቀመር በቃል ማጥናትን ይጠይቃል። የሠለጠነ እጅ እንዴት እንደሚሠራ ልብ ይሏል፦ የቀኝ አንጓ የቀኙን ጎን ሽቅብ ይገፋል፣ አመልካች ጣት የላዩን ረድፍ ይስባል፣ አንጓው ቁልቁል ይመለሳል፣ የግራ አመልካች ጣት ረድፉን ወደነበረበት ይጎትታል። ይህ ሁሉ አንድ ሰከንድ አይሞላም። መሐል ላይ «ቀጥሎ የትኛው ነበር?» ብሎ ያሰበ ሰው፣ ዳዊት በቃሉ ሲደግም እንዳቋረጡት ተማሪ፣ ከመጀመሪያው ካልጀመረ መንገዱን አያገኘውም። እንግዲህ ልምምዱ አእምሮን ከሥራው ገለል ማድረጊያ እንጂ መሳያ አይመስልም። ኪዩቡ የቱንም ያህል ቢዘበራረቅ ከ20 ዙር በላይ እንደማይጠይቅ በ2010 በኮምፒውተር ተረጋግጧል፤ የእኛ ሰው በዚህ ስልት የሚያዞረው ግን ሃምሳና ስልሳ ጊዜ ነው። አቋራጩን ከመፈለግ ረጅሙን መንገድ በሩጫ መጨረስ መርጧል፤ ምርጫው ይከበርለት።

የውድድሩ ደንብም ይህን የተረዳ ይመስላል። ተወዳዳሪው ሰዓት ከመቆጠሩ በፊት ኪዩቡን ለመመርመር እስከ 15 ሰከንድ ይፈቀድለታል፤ በማክስ ፓርክ ልክ አምስት እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ማሰብ ከሰዓቱ ውጭ የሚከናወን የግል ጉዳይ ሆኗል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ደግሞ ጀማሪውን «ዓይንህ ቀጣዩን ቁራጭ እንዲያገኝ ቀስ ብለህ አዙር» ይሉታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ ነው፤ በስንት ሰከንድ እንደሄደ ግን ተረቱ አይነግረንም።

ከሁሉ የሚያስገርመው በየትኛውም መዝገብ የማይሰፍረው ወጪ ነው፦ ማዘበራረቁ። ኪዩቡ እንደገና እንዲፈታ መጀመሪያ መበላሸት አለበት፤ በደንብ ለማበላሸት ደግሞ ወደ ሃያ ዙር ያስፈልጋል። የዙሩን ቅደም ተከተል ከስልክ እያነበበ የሚያዞር ሰው ሠልጥኖ ከአሥር ሰከንድ በታች ከወረደ፣ ለማበላሸት የሚፈጅበት ጊዜ ለማስተካከል ከሚፈጅበት ይበልጣል። «ሳያዩ ማዞር ይቻላል» የሚል ይኖራል፤ ይቻላል፣ ግን እጅ የለመደውን ስለሚያዞር ፈተናው ይቀልላል። ብቸኛው ነጻ የጉልበት ምንጭ እንግዳ ነው። እንግዳ ቡናው እስኪፈላ ኪዩቡን ከጠረጴዛው ያነሣል፣ አንዱን ፊት ቀይ ለማድረግ ይታገላል፣ ሌላውን ሁሉ ያተረማምሳል፣ ከዚያም «ይሄ የልጆች ነገር ነው» ብሎ ያስቀምጠዋል። ሥራው ንጹሕ ነው፣ ክፍያም አይጠይቅም። ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ሌላ ኪዩብ ቢያቀብሉት እምቢ የሚል አይመስልም።