መርዙ እንኳ ይመርጣል

ክረምቱን ሙሉ የጓሮውን በር ዘግቶ የከረመ ሰው፣ መስከረም ላይ ሲከፍተው አረሙ ደረቱ ድረስ ቆሞ ይቀበለዋል። እሱ ታዲያ ማጭድ ፍለጋ አይሄድም። ጀርባው ላይ ባለ16 ሊትር መርጫ አዝሎ፣ እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ አጥልቆ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ከተፍ ይላል። ባለመርጫ ሰበብ አያልቅበትም። ተራቢም መልስ አያጣም።

«ጓሮዬ ድንገት ጫካ ሆነብኝ» ይላል።

ድንገት? ጌታው፣ አረሙ ሰኔ ላይ ጣት ያህል ነበር። ሐምሌ ላይ ጉልበት ደረሰ፤ ነሐሴ ላይ አበበ። አሁን ዘሩን መሬት ላይ አራግፎ፣ ኑዛዜውን ጨርሶ ቆሟል። አንተ ልገድል መጣሁ ትላለህ እንጂ የደረስከው ለቀብር ነው።

«አንዴ ረጭቼ ልገላገለው» ይላል።

ከማን ልትገላገል? አንተ የያዝከው ግላይፎሴት፣ ገበያው ራውንዳፕ የሚለው፣ የሚገባው በአረንጓዴ ቅጠል ነው። ከቅጠል ወደ ሥር ይወርድና ተክሉ ለዕድገቱ የሚያስፈልጉትን አሚኖ አሲዶች እንዳይሠራ ያግደዋል። አፈር ውስጥ የተኛው ዘር ግን ቅጠል የለው፣ በምን በኩል ትገባበታለህ? የሚቺጋኑ የዕፅዋት ተመራማሪ ዊሊያም ቢል እ.ኤ.አ. በ1879 የአረም ዘሮችን ከአሸዋ ጋር ደባልቆ በጠርሙስ ቀበረ። በ2021 ከጠርሙሶቹ አንዱ ተቆፍሮ ወጣና 142 ዓመት ከአፈር በታች የኖረ ዘር በቀለ። ዘር ከሰው ዕድሜ በላይ ይታገሳል። አንተ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ልትገላገለው ነው።

«ነጋዴው ሁሉንም ይገድላል ብሎኛል» ይላል።

ነጋዴው ከጀሪካን ወደ ሃይላንድ ሲገለብጥልህ ቆመህ አይተሃል። ስም የለው፣ መጠን የለው፣ ቀን የለው። ስልክ ስትገዛ ካርቶኑን ሦስት ጊዜ ታገላብጣለህ፤ ልጆችህ በሚበሉበት መሬት ላይ ለምትረጨው ግን የነጋዴው ምራቅ የነካው ቃል በቃህ። ለነገሩ ሁሉንም የሚገድል ከሆነ፣ ጎመንህም «ሁሉም» ውስጥ ነው።

«ጎመንማ የት አለና?» ይላል።

ይኸን ጊዜ በአጥር በኩል ሲያዩ የነበሩት ጎረቤት እማማ አላስቻላቸውም።

«ልጄ፣ አሁን የረጨኸው እኮ የራስህ ጎመን ነው።»

«እማማ፣ ቢጫ አበባ ሲያወጣ አረም መስሎኝ ነው።»

«ታዲያ አደይ አበባ ብትመጣብህ መስከረምን ልትረጫት ነበር?»

የሐበሻ ጎመን ሲጎነቁል ቢጫ አበባ ያወጣል። ሐምሌና ነሐሴ ጠያቂ ያጣ ጎመን ለዘር ቢነሳ ምን ይፈረድበታል? እማማ ዓይናቸውን አላነሱም። «ያ ደግሞ አሉማ ነው። ቅጠሉን ለጋውን ቀጥፈህ ብትቀቅለው ምሳህ ነበር» አሉት። ባለመርጫው ምሳውንም ረጭቶታል።

«እሺ፣ ባለፈው የገዛሁት ግን ሣሩን ጭራሽ አልነካውም። የውሸት ነው» ይላል።

የውሸት አይደለም፤ ቱፎርዲ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀምሮ በዓለም ገበያ ላይ አለ። ሥራውም ሰፊ ቅጠል ያለውን መግደል፣ የሣር ዘሩን ማለፍ ነው። የጤፍና የስንዴ ገበሬ የሚወደው በዚህ ነው። ጤፍም ስንዴም በዘራቸው ሣር ናቸውና አረሙ ሲሞት እነሱ ይተርፋሉ። አንተ ይህንኑ ወስደህ ሰርዶ ላይ ደፋኸው። ሰርዶው ታጥቦ አመሰገነህ። ነፋሱ ደግሞ ብናኙን ይዞ አጥር ተሻገረና የጎረቤትህን ቲማቲም ቅጠሉን ጠቀለለው። ቲማቲም ለዚህ መርዝ አንጀቱ ስስ ነው፤ ሽታው ካለፈበት ይበቃዋል። እንግዲህ ፍረድ፤ መርዙ እንኳ ይመርጣል። ሁሉንም ጠቅልሎ «ሣር» የሚለው አንተ ብቻ ነህ።

ከዚህ ወዲያ ነገሩ ጥያቄና መልስ ብቻ ሆነ።

«ከየት ቀዳኸው?»

«ከቦዩ። ውሃ ውሃ ነው።»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ያሉት አባቶች ግላይፎሴት ሳያዩ ነው የተናገሩለት። ይህ መርዝ ሸክላ አፈር ሲያገኝ ይጣበቅበታል፤ ከተጣበቀም በኋላ አይሠራም። በድፍርስ ውሃ የበጠበጥከው እንደሆነ አረሙን ሳይሆን ጭቃውን ገደልክ ማለት ነው።

«መጠኑንስ በምን ለካህ?»

«በቆርኪ። ጠንከር እንዲል ሁለት ጨመርኩበት።»

ከሚገባው በላይ ሲጠነክር ቅጠሉ ቶሎ ይቃጠልና መርዙን ወደ ሥር የሚያወርድ ሊጠፋ ይችላል። ላዩ ደርቆ አንተ ስትጨፍር ሥሩ ከታች ሆኖ ይታዘብሃል።

«ሦስት ቀን ሆነኝ፣ ግን አልሞተም። ልድገመው?»

ግላይፎሴት ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው። ቢጫ መሆኑ እስኪታይ ሳምንት፣ ሥር ለሰደደው ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። በሦስተኛው ቀን የምትደግመው ሠልስት ልታወጣለት ነው?

«ኖዝሉ ተደፈነብኝ፣ ቆይ ልንፋው።»

በአፍህ?! የሰማይ ያለህ! ለአረሙ የገዛኸውን አንተው ቀመስከው። አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ንጹሕ ውሃ ለምን ተፈጠሩ?

«ደመናው ሳይመጣ ልጨርስ።»

ደመናውማ መጥቷል። ቅጠሉ ላይ ጥቂት ሰዓት ካልቆየ ዝናቡ አጥቦ ይወስደዋል። አንተ የምትረጨው፣ ሰማይ የሚያጥበው፣ ቦዩ የሚጠጣው ሆነ ማለት ነው።

«ደግሞ ይኼ ራውንዳፕ ካንሰር ያመጣል ሲሉ ሰማሁ፤ አያመጣም ሲሉም ሰማሁ። ማንን ልመን?» ይላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ነገር ጠየቀ።

ነገሩን በቅደም ተከተል ስማው። አረም ገዳይነቱን ያገኘው ጆን ፍራንዝ የተባለ የሞንሳንቶ ኬሚስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970። ገበያ የወጣው በ1974። በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም «በሰው ላይ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚለው ምድብ ውስጥ አስገባው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በበኩሉ በአግባቡ ከተጠቀሙበት ካንሰር የማምጣት ዕድል የለውም ብሎ ጸና። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ለ10 ዓመት ፈቃዱን አደሰለት። ባየር የተባለው ኩባንያ ሞንሳንቶን በ2018 ገዛና ራውንዳፕ ካንሰር አመጣብን ያሉ ሰዎች ያቀረቡበትን ክስ አብሮ ወረሰ፤ በ2020ም ክሶቹን ለመዝጋት ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚከፍል አስታወቀ። ፍርድ ቤቱ፣ ቤተ ሙከራውና የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ በአንድ ቃል አልተናገሩም።

«ያው ካንሰር ካሉ አለቀ!» ይላል።

ቀስ በል። ያው ተቋም በዚያው ዓመት ቀይ ሥጋንም እዚያው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ እንጂ አደጋው ምን ያህል እንደሚገዝፍ አይደለም። ክትፎ ቤት ገብተህ ካንሰር ብለህ ስትጮህ አላየሁህም። የሚያሰጋኝ ምድቡ ሳይሆን ያንተ ክርን ነው። በባዶ እጅ የምትበጠብጠው፣ በነጠላ ጫማ የምትረግጠው፣ በአፍህ የምትነፋው አንተ ነህ። ተቋማት ስለ ምድብ ይከራከሩ፤ ጓንትና ቦቲ ማድረግ ግን ክርክር የለበትም።

«እንዲህ ከሆነስ ፓራኳቱ ይሻለኛል። በአንድ ቀን ነው አሉ የሚያደርቀው» ይላል።

እዚህ ላይ ተረቡ ይቁም። ፓራኳት ማርከሻ የለውም። አንድ ጉንጭ የዋጠ ሰው ሐኪም ቤት ቢደርስም የሚድነው ከስንት አንድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ከገበያው አስወጥቶታል። የትኛውም አረም ገዳይ ቢሆን በለስላሳ ጠርሙስ ወይም በሃይላንድ ተቀድቶ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ፣ የተጠማ ሕፃን መጠጥ ነው ብሎ ያነሳዋል። ባዶውን ዕቃም አጥበህ ዘይት ልትቀዳበት አታስብ፤ ብሳውና ከአገልግሎት አውጣው። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይሸጥ የከለከለው ነጋዴውን ለማስቀየም አይደለም። ሃይላንድ ላይ የምዝገባ ቁጥር አይገኝም።

«ምን ላድርግ፣ ወገቤን ያመኛል እኮ» ይላል።

እውነት? አሥራ ስድስት ሊትር ውሃ አሥራ ስድስት ኪሎ ነው፤ የመርጫው ክብደት ለብቻው። ማጭድ አንድ ኪሎ አይሞላም። ወገብህን የሚያመው ጎንበስ ማለቱ እንጂ መሸከሙ አይደለም ማለት ነው? ምስጋና ይግባውና እንዲህ ያለ ወገብ ሐኪም አይፈልግም።

«ስለዚህ መርጨት ክልክል ነው በለኛ!» ይላል፤ ተቆጣ።

አላልኩም። በመቶ ሄክታር የሚያርስ ሰው በጣቱ ይንቀል የሚል የለም። ጓሮም ቢሆን ነቅለህ የማትጨርሰው አለ። ሰርዶ በቁራጩ ይበቅላል፤ እንግጫ ከላይ ሲነቀል ፍሬው ከታች ይቀራል። መሬቱ ገና ካልተዘራበት፣ አረሙ በለጋነቱ ከተያዘ፣ ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ በንጹሕ ውሃ፣ መለያው ላይ በተጻፈው ልክ ከሆነ፣ እዚያ ላይ ግላይፎሴት ሥራውን ያውቃል። አንተም ሥራህን እወቅ ነው ያልኩህ። የረጨኸውን ሣር ደግሞ አጭደህ ለጎረቤት ላም እንዳትሰጥ፤ ወተቱ ተመልሶ አንተው ቤት ይገባል።

እንግጫ ካነሳን ዘንዳ፣ ጎጃም ውስጥ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ልጃገረዶች እየዘፈኑ ነቅለው ጎንጉነው በራሳቸው ላይ የሚያደርጉት እሱኑ ነው። እነሱ የሚነቅሉት በዘፈን፣ አንተ የምትረጨው በስድብ። ሰርዶንም ቢሆን «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ ናት፤ እሷ እንኳ የጠየቀችው ከሞተች በኋላ ነው። አንተ በሕይወት ቆመህ መሬቱ ምንም አያብቅል ትላለህ።

«መጠየቅ ይቻላል? ያለ መርጫ እንዴት ይጸዳል?» ይላል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አሁን ሰው ሆንክ። መጀመሪያ በማጭድ ከሥሩ እጨደው። ዘር ያልያዘውን እዚያው አንጥፈው፣ ዘር የያዘውን ለብቻ አውጣው። መሬቱን በሙሉ ዛሬ ካልያዝኩ አትበል። ለአንድ መደብ የሚሆነውን ብቻ በዶማ ገልብጥ፤ የሰርዶውን ገመድና የእንግጫውን ፍሬ በእጅህ ልቀም፣ የተረፈውን ለፀሐይ ስጠው። የቀረውን መሬት በጥቁር ላስቲክ ወይም በካርቶንና በጭድ ሸፍነህ ድንጋይ ጫንበት። ብርሃን ያጣ አረም ከሥሩ ያጠራቀመውን ስንቅ በልቶ ይዳከማል። ለሰርዶና ለእንግጫ ግን ወራት ታገስ። የተዘጋጀው መደብ ላይ ጎመንህን አፍላና ጉዝጓዝ አድርግለት። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን፣ አረሙ ጣት ሳያክል፣ መኮትኮቻህን ይዘህ ብቅ በል። ያኔ ማን ማን እንደሆነም በስሙ ትለየዋለህ።

«ይህ ሁሉ ሥራ ለአንድ መደብ ጎመን?» ይላል።

ለአንድ መደብ ጎመን ከሆነማ፣ ያ ሁሉ መርዝ ለማን ነበር?