ውሻ ወዳዱ ተከላካይ ጠበቃ፦ አጭር ጥናት

በወንጀል ልብ ወለድ ዓለም ከሚገኙ ፍጡራን መካከል ኮሚሽነሩ፣ ጠጪው የግል መርማሪና ሁሉን የምታውቀው አሮጊት ብዙ ተብሎላቸዋል። ውሻ ወዳዱ ተከላካይ ጠበቃ ግን የሚገባውን ያህል አልተጠናም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን በከፊል ለመሙላት ቀርቧል። ዓመቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ናሙናው አንዲ ካርፔንተር ይባላል። የሚገኘው አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ግዛት፣ ፓተርሰን ከተማ ነው። ፈጣሪው ዴቪድ ሮዘንፌልት የዚያችው ከተማ ልጅ ሲሆን ብዕር ከማንሳቱ በፊት በትራይስታር የፊልም ኩባንያ የገበያ ሥራ ኃላፊ ነበር። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ2002 ታተመ፤ ተከታታዩ ዛሬ ከ25 መጻሕፍት በላይ ሆኗል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሽፋኑ ላይ የሚወጣው ሟቹም ገዳዩም ጠበቃውም አይደለም። ውሻ ነው።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ስለ ጠበቃም ይህንኑ የሚያሙ አሉ፤ አጥኚው እዚህ ሐሜት ውስጥ አይገባም። ለጥናቱ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው፦ አንዲ ካርፔንተር ዝነኛ ዐቃቤ ሕግ ከነበሩት አባቱ 22 ሚሊዮን ዶላር ወርሷል። ይህን ያህል የወረሰ ጠበቃ በማንም ቤት አይበላም፤ ስለዚህ ለማንም አይጮኽም። ደንበኛ ሲመጣበት ይከፋዋል። ጸሐፊው ኤድናም የሥራ ሰዓቷን የምታሳልፈው የጋዜጣ አግድምና ቁልቁል ስትሞላ ነው። ማታ ማታ ጠበቃው ቻርሊስ ከሚባለው መጠጥ ቤት ይቀመጣል፤ አንድ ፖሊስና አንድ የጋዜጣ አዘጋጅ በእሱ ሒሳብ ቢራቸውን እየጠጡ ኳስ ያያሉ። ሰላማዊ ኑሮ ነው፤ ችግሩ ልብ ወለድ አይወጣውም።

ደራሲው ይህን ማነቆ የፈታው በውሻ ነው። ጠበቃው ታራ የምትባል ጎልደን ሪትሪቨር አለችው፤ በዓለም ላይ ከእሷ የተሻለ ፍጡር እንደሌለ በየመጽሐፉ ይመሰክራል። ገንዘብ የማያንቀሳቅሰው፣ ዝና የማያጓጓው ሰው ጉዳዩ ላይ ውሻ እንዳለበት ሲሰማ ከወንበሩ ይነሳል። በ2007 በወጣው «ፕሌይ ዴድ» ደንበኛው ራሱ ውሻ ነው። ዮጊ የተባለው ጎልደን ሪትሪቨር ባለቤቱን ነክሷል ተብሎ ሊገደል ሲል አንዲ ፍርድ ቤት ወስዶ ነፍሱን ያተርፍለታል። ቆይቶ አንዲት ሴት ውሻውን ትለየዋለች፤ እጮኛውን ገድለሃል ተብሎ የታሰረው የወንድሟ ውሻ ነው፤ ባሕር ውስጥ ሞቷል ተብሎ ነበር። ውሻው ከኖረ ደግሞ ወንድሟን ያሳሰረው ታሪክ ይናጋል። እዚህ ላይ አጥኚው አንድ የሕግ ሐሳብ መሰንዘር ይፈልጋል፦ ቃሉን የማይለዋወጥ፣ በመስቀለኛ ጥያቄ የማይደናገጥ፣ ጉቦ ቢሰጠው እዚያው በልቶ የሚጨርስ ምስክር ከዚህ የተሻለ ከየት ይገኛል?

ደራሲው ይህን ሁሉ ከሰው ሰምቶ አልጻፈም። ከባለቤቱ ጋር ባቋቋመው የታራ ፋውንዴሽን አማካይነት ወደ 4,000 የሚጠጉ ውሾችን አድኗል። ከካሊፎርኒያ ወደ ሜይን ግዛት ቤት ሲቀይር 25 ውሾችን በ3 የመኖሪያ መኪናዎች ጭኖ፣ 11 በጎ ፈቃደኞች አሰልፎ አገር አቋርጧል። ስለዚህ ጉዞም በ2013 መጽሐፍ አውጥቷል። ለናሙናው ጤናማነት ይህ በቂ ማስረጃ ነው፤ ለደራሲው ጤናማነት ጉዳዩ ወደ ሌላ የጥናት ዘርፍ ይመራል።

ተጠራጣሪ አንባቢ፣ «ይህ በልብ ወለድ እንጂ በእውነተኛ ችሎት አይሆንም» ሊል ይችላል። መልሱ በአሜሪካዋ ሚዙሪ ግዛት ውስጥ አለ። ጥቅምት 28 ቀን 1869 ኦልድ ድረም የተባለ አዳኝ ውሻ በጎረቤት መሬት ላይ ተተኩሶበት ሞተ። ጎረቤቱ በጎቹን ውሾች ስለፈጁበት ዝቶ ነበር፤ የውሻው ባለቤት ደግሞ ዋርሳው ነበር። ዋርሳ ከዋርሳ ጋር ሲጣላ እንደሚሆነው ሁሉ፣ ክርክሩ ከችሎት ችሎት ተንከባለለ። መስከረም 23 ቀን 1870 በዋረንስበርግ ከተማ የባለ ውሻው ጠበቃ ጆርጅ ግርሃም ቬስት የመዝጊያ ንግግሩን አደረገ። ከዚያ ንግግር እስከ ዛሬ በተረፈው ክፍል ውስጥ ስለ ጠመንጃው፣ ስለ ጥይቱ፣ ስለ በጎቹ አንድም ቃል የለም። የሟቹ ስም እንኳ አልተነሳም። ያለው የውሻ ታማኝነት ብቻ ነው።

የሕዝብ ዳኞቹ (ጁሪ) ለባለ ውሻው 50 ዶላር ፈረዱለት። በተቃራኒው ወገን ከቆሙት ጠበቆች ቶማስ ክሪተንደን ኋላ የግዛቲቱ አገረ ገዥ፣ ፍራንሲስ ኮክረል ደግሞ የአሜሪካ ሴናተር ሆነዋል። ሁለቱንም የረታቸው የሞተ ውሻ ነው። ቬስት የተከሳሽ ሳይሆን የከሳሽ ጠበቃ ስለነበር ከናሙናው ጋር በትክክል አይገጥምም የሚል ሐቀኛ ተቺ ይኖራል። አጥኚው ተቃውሞውን ተቀብሎ በጥናቱ ይቀጥላል። ቬስትም ሴናተር ሆነ፤ ከ1879 እስከ 1903 በወንበሩ ቆየ። በ1958 በዋረንስበርግ ፍርድ ቤት ፊት ሐውልት ሲቆም ግን የቆመው ለውሻው ነው።

ለንጽጽር ያህል፣ አንዲ ካርፔንተር አዲስ አበባ ቢሠራ የሚጠብቀው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ነው። በዚህ ሕግ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው አምልጦት ላደረሰው ጉዳት ጭምር ኃላፊ ነው። የቤት እንስሳ ከሆነና ባለቤቱ ጥፋት ከሌለበት ግን እንስሳውን ለተጎጂው አስረክቦ ከኃላፊነቱ መውጣት ይችላል። በሌላ አነጋገር የነከሰህ ውሻ ካሣህ ሆኖ ቤትህ ሊገባ ይችላል። አንዲ ይህን ቢሰማ ለመነከስ ተራ በያዘ ነበር። ሌላው አንባቢ ግን ውሻው ለማን ይገባል ብሎ ከመከራከሩ በፊት ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ይጠብ፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ሄዶ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይጠይቅ። ጠበቃው መጠበቅ ይችላል።